ማክሰኞ የተጠገነው መኪና

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሌሊት አልነበረም። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ...

አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ይታጠባል። አንድ ቀን ቢያመልጠውስ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። "እንዳያመልጠው" ብቻ አለኝ።

የማመላልሰው በአሮጌው አውቶማቲክ መኪናችን ነው። ከወር በፊት ከአምራቹ ደብዳቤ መጣ። ካምቢዮው ጉድለት አለበት፤ ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ሆኖም መኪናው ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ በነፃ እንጠግናለን፤ እስከዚያው ሰው ውስጥ ትተው አይውረዱ፣ ይላል።

ሳነብለት አባቴ ሳቀ።

"አንተን ነው የሚመስለው። ቁም ሲሉት አይቆምም።"

ሐሙስ ተራችን ደረሰ። የአባቴ እጥበትም በዚያው ቀን ስለነበር ከኋላ አስቀምጬው መጀመሪያ ጋራዥ ሄድኩ።

እንግዳ ተቀባይዋ የሻንሲ ቁጥሩን ጻፈችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

"ይሄ እኮ ተሠርቷል።"

"መቼ?"

"ማክሰኞ፣ እዚሁ። ይኸው ፈርመዋል።"

ስክሪኑን አዞረችልኝ። ፊርማው የእኔ ነው... መጨረሻ ላይ የምጎትታት ጭረት እንኳ አልቀረችም።

"ማክሰኞ ሆስፒታል ነው የዋልነው!"

"ለአንድ ሻንሲ አንድ ዕቃ ነው የሚወጣው። ሲስተሙ ሁለተኛ አይሰጠኝም። ምን ላድርግልዎት ወንድሜ?"

ለመንኳት። ክርክራችንን የሰሙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጡ። ጋራዡ ውስጥ ጋሽ ብሎን ይሏቸዋል። ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር ገቡ።

ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ብሎኖቹ አልተነኩም" አሉ በሹክሹክታ። "የፋብሪካ ቀለማቸው እንዳለ ነው።"

"ታዲያ ማክሰኞ..."

"ማክሰኞ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ። ይሄው ሰሌዳ። ይሄው የበር ጭረት።"

"ማነው ያመጣው?"

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ የኋላውን ወንበር...

"አንተ። አባትህም ነበሩ። እንዲያውም አሳቁን።"

"ምን ብሎ?"

"ልጄን ነው የሚመስለው፣ ቁም ሲሉት አይቆምም ብለው።"

ታክሲ ጠራሁ። ሁለት ሹፌሮች ሰረዙብኝ። የአባቴ ወረፋ ሊያልፍ ሃያ ደቂቃ ቀረው።

ነዳሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ?

የሆስፒታሉ በር ዳገት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ያለው ማቆሚያ በሙሉ ተይዟል። ማርሹን ፓርኪንግ ላይ አደረግሁ፤ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥግ ሳብኩ፤ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ሸጎጥኩ።

አባቴ መራመድ አይችልም። ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው...

"ሂድ እንጂ" አለኝ። "መኪናው አይበላኝም!"

ዐሥር እርምጃ ብሄድ ነው።

ግርርር... የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞርኩ። ጎማው ድንጋዩን እየወጣው ነበር። በዝግታ... እንደሚያስብ ሰው።

ሮጬ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ጎተተኝ፤ ወደቅሁ። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል።

ከቁልቁለቱ ሥር ከባድ መኪኖች የሚበሩበት አስፋልት አለ።

ያኔ ነው ከታች አንድ መኪና የመጣው። የእኛው ቀለም። የእኛው ሰሌዳ። ቁልቁል የሚመጣውን መኪናችንን በፊት መከላከያው ተቀበለና ቀጥ አድርጎ አቆመው። እሱ ራሱ ዳገቱ ላይ ንቅንቅ አላለም።

ሹፌሩ ወረደ።

ሸሚዙ የእኔ ነው። ፊቱም...

አባቴን ጮክ ብዬ ጠራሁት። በክርኔ እየተጎተትኩ ወደ እነሱ ገፋሁ።

አባቴን አቅፎ አወጣው። ጭንቅላቱ በሩን እንዳይመታው በመዳፉ ከለለለት፤ እኔ እንደማደርገው። ወደ ራሱ መኪና የኋላ ወንበር አስገባው። ቀበቶውን አሰረለት። አባቴ የሆነ ነገር አለውና ሁለቱም ሳቁ።

አንዴም ወደ እኔ አላዩም።

የእሱ መኪና ዞሮ ቁልቁል ወረደ፤ የእኛው ባዶ መኪና ግን ካቆመበት አልተነቃነቀም። በኋላው መስታወት ሁለት ሽበታም ጭንቅላቶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ሁለቱም የአባቴ።

አንደኛው ወደ እኔ ዞረና እጁን መስታወቱ ላይ ለጠፈ።

የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም...