እማዬም ታውቃለች

ባጫ የሳል ሽሮፑን ከጠርሙሱ ተጎንጭቶ ሳይቀመጥ ነው የወደቀው። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ። ጠርሙሱ ውስጥ የሽንኩርት ተባይ መርዝ ተገኘ፤ ያቀበለችው ደግሞ ሚስቱ ሶረቲ ነበረች።

ከቀብሩ ማግስት ኢንስፔክተር በድሪያ ፖሊሶች አስከትላ ከአዳማ ተነሥታ ዓለም ጤና ወዳለው የባጫ ቤት መጣች። ሶረቲን፣ የሟቹን ወንድም ጫምሳንና የእርሻ ሠራተኛውን ኑሬን በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሶረቲ እንባ እንኳ አልወጣትም። እሷ ከታሰረች፣ አጠገቧ የቆመችው የሦስት ዓመት ልጇ ኤቢሴ ጫምሳ እጅ ትገባለች። ይህንንም የምታስበው እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነበር።

«ባጫ በዋዜማው ከዚያው ጠርሙስ ጠጥቶ ደህና አድሯል» አለች በድሪያ። «በማግስቱ፣ ማታ ከመሞቱ በፊት፣ የት ዋላችሁ?»

«አዴ ሶረቲ ሽንኩርት ሊሸጡ አዳማ፤ እኔና ባጫ መስክ» አለ ኑሬ።

«እኔ ልጅቷን ስጠብቅ» አለ ጫምሳ። «እናቷ በጨለማ ስትወጣም በጨለማ ስትመለስም ተኝታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ ዞር አላለችም። ጉዱን ግን ጠርሙሱ ሳይመረመር እሷው አወጣችው! ኤቢ፣ ንገሪያቸው እስቲ።»

«የሽንኩርቱ መድኃኒት ሽሮፑ ውስጥ ገባ» አለች ኤቢሴ። «እማዬም ታውቃለች።»

«ሰሙልኝ?» አለ ጫምሳ።

«ማን ጨመረው፣ የኔ ማር?»

ልጅቷ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

በድሪያ ከረሜላ አውጥታ ኑሬ እያየ ስኒ ሥር ደበቀች። እሱን ወደ ጓሮ ልካ ከረሜላውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ኑሬ ሲመለስ ከረሜላውን የት ይፈልጋል?»

«ቦርሳሽ ውስጥ!»

«መች አየና?»

«ያውቃል!»

በድሪያ ኑሬን ጠርታ ወደ ጫምሳ ዞረች።

«በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ራሱ ያየውን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። እማዬ ታውቃለች ማለቷ በእናቷ ላይ ምንም አያስረዳም። የሚያስረዳው ራሷ ማየቷን ነው። እናቷ ስትወጣም ስትመለስም ተኝታ ነበር፤ ነቅታ የዋለችው ካንተ ጋር ብቻ። ራስህ ነገርከኝ።»

«በሕፃን ወሬ ሰው ሊከሱ ነው?»

«አሁን ሕፃን ሆነች? ቅድም ምስክርህ ነበረች።»

«ባጫ መስኩን አላካፍልህም ብሎት ተጣልተው ነበር» አለ ኑሬ ቀስ ብሎ።

ጫምሳ ልጅቷ ላይ አፈጠጠ። «ምን ይገባታል ብዬ…» አለና ምላሱን ነከሰ። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ይዘው አስነሡት።

«አዴ ሶረቲ፣ አበቃ። ልጅዎን ይዘው ይግቡ» አለች በድሪያ።

ሶረቲ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። ኤቢሴ ቀሚሷን ጎተተች።

«ተነሺ እንጂ፣ ራበኝ።»

ሶረቲም ተነሣች።