ሳንቲም የምታህል ቦታ

አሮጌዋ ፒክአፕ በግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከቆመች ብዙ ክረምት አልፏል። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ ኮፋኖዋ ላይ ድመት ፀሐይ ይሞቃል፤ ባለቤቷ ግን አሁንም «መኪናዬ» ነው የሚሏት። እሳቸው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ከእንግዲህ መሪ እንደማይጨብጡ ሐኪሙም ነግሯቸዋል፣ እሳቸውም ያውቁታል። የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ጆሯቸው ደህና ሳለ የሞተሯን ድምፅ እንደገና መስማት።

ሌላ ሰው ቢሆን ጋራዥ ይልካት ነበር። ሹፌሩ ግን «እኔ የነዳኋት መኪና በገመድ ተጎትታ ከዚህ ግቢ አትወጣም» ብለው ድርቅ አሉ። እሷ ካልሄደች እንግዲህ መካኒኩ መጣ።

መካኒኩ ረጋ ያለ ወጣት ነው። በሚሠራበት ጋራዥ «ቀስ በል» ይሉታል፤ ሌላው ሦስት ብሎን በሚያጠብቅበት ጊዜ እሱ አንድ ነው የሚያጠብቀው። ያጠበቀው ግን አይላላም። በመጀመሪያው ቅዳሜ የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ሲመጣ በሩን የከፈተችለት የሹፌሩ ልጅ ነበረች። የሱቅ ሰሌዳ በመጻፍ ነው የምትተዳደረው፤ ብሩሿን እንደያዘች ነበር የወጣችው። ፈገግ ስትል የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። መካኒኩ ይህን አየና እግሩ ደጃፉ ላይ ተተከለ።

የአባትየው ዓይን ቢደክምም ዝምታው አላመለጣቸውም።

«አንተ ልጅ!» አሉ ከወንበራቸው። «የጠራሁህ ሞተሬን እንድታይ ነው፤ ልጄን እንድታይ አይደለም።»

«እሺ ጋሼ» አለ መካኒኩ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

እሱ ደግሞ እሺ ካለ እሺ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንገቱን ኮፋኖው ሥር ቀብሮ ቀና አልል አለ። ትእዛዙ ግን የታሰበለትን ያህል አልጠቀመም። ልጅቷ የወለቀውን ብረት በነጭ ጋዝ የማጠቡን ሥራ በገዛ ፈቃዷ ተረክባ ስለነበር፣ ፊቷን ባያይ እጇን ያያል። ጥፍሯ ሥር የሳምንቱ ሰሌዳዎች ቀለም ተቀምጧል፤ አንድ ቅዳሜ ቀይ፣ ሌላ ቅዳሜ ቢጫ። ብሎን ስታቀብለው አታስጠብቀውም፣ ቁልፍ ስታቀብለው ተሳስታ አታውቅም። ሰው በእጅ ብቻ ልቡ ሊጠፋ እንደሚችል ለመካኒኩ ማንም አልነገረውም ነበር።

«ወንድሜ፣ ይቺ የምንድን ናት?» ትለዋለች።

«የፒስተኑ ፋሻ ናት፣ እህቴ። አልቃለች። ዘይቱን የምታስጨርሰው እሷ ናት።»

«ወንድሜ» እና «እህቴ» ብዙ ቅዳሜ አብረው ሠሩ።

የሞተሩ ብሎክ ተፈትቶ ብረት ወደሚሞረድበት ቶርኖ ቤት የሚሄድበት ቀን ሲደርስ አባትየው በጨርቅ ካልተሸፈነ አይወጣም አሉ። «ጎረቤት እንዳያያት። ልብሷን አውልቃችሁ አደባባይ አታወጧትም።» መካኒኩ ሳይከራከር የአልጋ ልብስ አልብሶ በጋሪ ወሰደው። ሲመለስ ግን ሌላ ሙግት ጠበቀው፤ የሞተሩ የመጀመሪያ ቀለም ምን ነበር?

«ሰማያዊ ነበረች» አሉ አባትየው።

«አረንጓዴ ናት አባባ። ፍቄ አይቻታለሁ።»

«የነዳኋት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ሁለቱም ወደ መካኒኩ ዞሩ። መካኒኩ የአባትየውን ዱላ አየ፣ ከዚያ የልጅቷን እጅ አየ።

«እኔ ሳገኛት ጥቁር ነበረች» አለ። «ዘይት።»

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። አባትየው «ጋራዥ ውስጥ ያደገ ፖለቲከኛ!» ብለው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። አረንጓዴ ተቀባች፤ የቀባቻትም ልጅቷ ናት።

ከመቀባቱ በፊት መካኒኩ ቀለም መንካት የሌለበትን ቦታ ሁሉ በፕላስተር እየሸፈነ አሳያት። በመጨረሻ ከብሎኩ ጎን፣ ሳንቲም የምታህል ራቁት ብረት ላይ ጣቱን አሳረፈ። መሐሏ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለ።

«ከባትሪው የሚመጣው ጥቁር ገመድ እዚህ ነው የሚታሰረው» አላት። «ብረት ከብረት መነካካት አለበት። እዚህ ቀለም ከገባ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያጣል፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን አይዞርም።»

«በዚህች ምክንያት?»

«በዚህችው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቦታዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ያን ቀን ነው መካኒኩ ለአባትየው፣ እሷም እየሰማች፣ ሩቅ አገር መንገድ የሚሠራ ድርጅት የከባድ ማሽን ኃላፊ አድርጎ እንደቀጠረው የነገራቸው። የሚጀምረው በወሩ መጨረሻ፣ ሰኞ ነው። «ሳልጨርስላችሁ ግን አልሄድም» አለ። አባትየው መረቁት። ልጅቷ «እንኳን ደስ አለህ» አለችው፤ «ወንድሜ» የሚለውን ረሳችው። መካኒኩ ያ መርሳት ለምን እንደከበደው እያሰበ ወደ ቤቱ ሄደ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሞተሩ ተገጣጥሞ ቦታው ገባ። አረንጓዴው ያብረቀርቃል። አባትየው ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ሸሚዛቸውን ቀይረው ተቀመጡ። መካኒኩ ቁልፉን አዞረ።

ጠቅ።

ሌላ ምንም የለም። ደግሞ አዞረ። ጠቅ።

«ምን አለች?» አሉ አባትየው።

«ትንሽ ትቆይ አለች፣ ጋሼ።»

ባትሪውን መረመረ፣ ደህና ነው። የማስነሻውን ሞተሪኖ አውልቆ ፈታ፣ ደህና ነው። በማግሥቱ ከጋራዥ ሌላ ሞተሪኖ ተውሶ መጣና ገጠመ። ጠቅ። ጋራዥ ውስጥ ወሬው ተሰማና መሳቂያ ሆነ። አባትየው ሳይቀሩ «አንተስ ‹ቀስ በል› አይደለህም፣ ‹ቁም በል› ነህ» አሉት። ቀልድ ነበር፤ ግን ወጋው። በእጁ ሥራ እንጂ በሌላ ነገር ኩራት የለውም።

ቀጥሎ በመጣበት ቅዳሜ ጥዋት የጥቁሩን ገመድ ብሎን ፈታ። ፕላስተሩን ራሱ ስለለጠፈ፣ ገመዱንም ያን ቅዳሜ እሷ ስላሰረችለት፣ እስካሁን አልጠረጠረውም ነበር።

ከገመዱ ጫፍ ሥር ያለው ራቁት ብረት አልነበረም። አረንጓዴ ነበር፤ ለስላሳ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል፣ የብሎኑ ጥርስ ውስጥ ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ተዳርሷል። መጀመሪያ ስህተት መሰለው። ከዚያ ሰሌዳዎቿ ትዝ አሉት። ያለማስመሪያ የምትጽፋቸው ፊደሎች አንዱም አይዘምም። ይህች ልጅ እጇ አይስትም።

መካኒኩ በርከክ እንዳለ ብዙ ቆየ። ኪሱ ውስጥ የብርጭቆ ወረቀት አለ። ሁለት ሦስቴ ፈግፈግ ቢያደርገው ሞተሩ ይነሳል፣ ሰኞ መንገዱን ይጀምራል፣ ነገሩም ያበቃል። ብሎኑን እንደነበረ መልሶ አጠበቀው። ቀኑን ሙሉ ያልተበላሸ ካርቡራቶር ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። በጣም ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታውም ያሳፍረው ነበር፤ አባትየው ሸሚዛቸውን ቀይረው እንደተቀመጡ ናቸውና።

ወደ ማታ ገደማ አዛውንቱ ተነሡ። አልተቆጡም። «ዓይኔ እንደሁ ሄዷል» አሉ። «ጆሮዬም እስኪሄድ ከሆነ የምትጠብቁት ንገሩኝና ወንበሬን ላስገባ።» ወንበራቸውን እየጎተቱ ገቡ።

ልጅቷና መካኒኩ ተያዩ። ከደጃፉ ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

በማግሥቱ፣ እሑድ ጥዋት፣ ሲመጣ እሷ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። መዳፏን ዘረጋችለት። የተቀደደ የብርጭቆ ወረቀት ነበር።

«እንካ።»

«ለምን ይሆነኛል?»

«ታውቃለህ። ትናንት ሙሉ ቀን ደህናውን ካርቡራቶር ስታሠቃይ ሳይህ ነው ማወቅህን ያወቅኩት።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ድመቱ ከአጥሩ ላይ ወረደና አልፏቸው ሄደ።

«ስትጨርስ ትሄዳለህ» አለች በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያየች። «እኔ አትሂድ የምል ማን ነኝ? አፌ አልታዘዝ አለኝ። የማውቅበት ብሩሽ ብቻ ነው።»

«ሁለቴ ቀብተሽዋል።»

«ሦስቴ» አለች። «አንዱ ይለቃል ብዬ ፈራሁ።»

መካኒኩ ሊስቅ ነበር፤ ዓይኗ እንባ መሙላቱን ሲያይ ተወው።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አላት። «አባትሽ እየጠበቁ፣ ሰዉ እየሳቀብኝ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አፍሬያለሁ።»

«እኔም አፍሬያለሁ። በእኔ ቀለም ሥራህ አይቅርብህ።»

ብሎኑን ራሷ ፈታችው። ጎንበስ ብላ ትፈገፍገው ጀመር። አረንጓዴው እየተፋቀ አቧራው ጣቶቿ ላይ ተነሰነሰ። መካኒኩ ሊያግዛት አልሞከረም፣ ሊያስቆማትም አልሞከረም። ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲያበራ ገመዱን አሰረ። ልጅቷ አባቷን ጠራችና ሹፌር ወንበር ላይ ወጣች።

አባትየው በዱላቸው እየተመሩ መጡ። በዚህኛው ቀን ሸሚዝ አልቀየሩም።

ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተንቀጠቀጠና ተነሳ። ከዚያ ወፍራም፣ የተስተካከለ ድምፁ ግቢውን ሞላው። አዛውንቱ ዱላቸውን ጣሉ። ሁለት እጃቸውን የመኪናዋ ጉንጭ ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። «እሷ ናት» አሉ። «እሷው ናት!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሣጥኑን አነሳ። እንደ ወትሮው ቢሆን «በሉ ደህና ዋሉ» ነው የሚለው። ሣጥኑን መልሶ አስቀመጠና አጠገባቸው ሄዶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ!»

«ምን?»

«ልጅዎን!»

«አልሰማህም!» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አጥፊያት!»

ልጅቷ ሰምታ ኖሮ እጇ መሪው ላይ ደርቆ ቀርቷል። «አባባ፣ አሁን ገና መነሣቷ…»

«አጥፊያት አልኩ!»

ስንት ክረምት የጠበቁትን ድምፅ በደቂቃ ውስጥ ራሳቸው አስጠፉት። ግቢው ጭር አለ።

«አሁን በል።»

በጩኸቱ ውስጥ ቀሎ የነበረው ነገር በዝምታው ከበደ። መካኒኩ ግን በራሱ ፍጥነት፣ ቀስ ብሎ ተናገረው። «ልጅዎን እወዳታለሁ። ላገባት እፈልጋለሁ። ቤት የለኝም፤ የምኖረው በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። እጄ ግን ሥራ አያጣም።»

«ሰኞ ትሄድ የለም እንዴ?»

«አልሄድም። ለድርጅቱ ትናንት ማታ ደውዬ ነግሬያለሁ።»

ልጅቷ በመኪናዋ መስኮት አንገቷን አወጣች። ትናንት ማታ ማለት ቀለሙን ሳትፍቀው በፊት ነው። ይህን ለመቁጠር ጊዜ አልፈጀባትም።

አባትየው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ቀድሜ ተናግሬያለሁ፣ አባባ።»

«ለማን? መቼ?»

ነገረቻቸው። ሳንቲም የምታህለዋን ቦታ፣ ሦስት ጊዜ መቀባቷን፣ የጠበቋቸውን ቀናት ሁሉ። አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አዛውንቱ ፊታቸው ሳይፈታ አዳመጡ። ጎንበስ ብለው ዱላቸውን በእጃቸው ዳበሱ፤ መካኒኩ አንሥቶ አቀበላቸው፤ እጁን ከነዱላው ያዙና አልለቀቁትም።

«አስነሺያት» አሉ።

«እ?»

«አስነሺያት አልኩሽ። አባት ሲያለቅስ መስማት ለልጁ ደስ አይልም።»

ልጅቷ ቁልፉን አዞረች።