የኤኮው ክር

ኤኮው ለሦስተኛ ጊዜ ተደናቀፈ። ሶሲ ጊታሯን እንደያዘች አንገቷን ደፋች።

የኳየሩ አሮጌ ኤኮ ማሽን የሚሠራው እንደ ካሴት ባለ ክር ነው፤ የገባለትን ድምፅ ቀድቶ መልሶ ይለቀዋል። የመጀመሪያው ምላሽ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ደብዘዝ ይላል። ሦስተኛው እየራቀ ከሚጣራ ሰው እንደሚመጣ ድምፅ ለስልሶ፣ ትንሽም ተወዛውዞ ይጠፋል። ነገሌ ስንት ዘመናዊ ኪቦርድ ገባ፤ ይህን ድምፅ ያመጣ ግን የለም። ዛሬ ግን ማሽኑ ስቅታ እንደያዘው ሰው በየጥቂት ሰከንዱ ይቆራረጣል።

«ረሆቦት፣» አሉ የኳየሩ መሪ ጋሽ ጃርሶ፣ «ባጃጅ ላይ አቅፈሽ ያዢው አላልኩሽም?»

«አቅፌው ነበር ጋሼ።»

«እና ማን አንገጫገጨው? ለቡሌ ሆራው ኮንፈረንስ ሌላ ሰው ይያዘው። አንቺ ትቀሪያለሽ።»

ረሆቦት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ለዚያ ጉዞ ልብሷን ከሳምንት በፊት ተኩሳ የሰቀለች ልጅ ናት።

ሶሲ ጥፋተኛዋን ታውቃለች። ትናንት ጓደኛዋ ረሆቦት ባጃጅ ልትጠራ ወጣ ስትል፣ ሶሲ ራሷ አትንኩ የተባለውን የማሽኑን ክዳን ከፍታ የነገሌን ቀይ አቧራ ልትጠርግ ሞከረች። ክሩ እጇ ላይ ተበጠሰ። ነርስ እናቷ ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ በምትከትላት የቁስል ፕላስተር አያይዛ ዘጋችው። ጎበዝ ሐኪም።

አሁን ፈራች። ከጉዞው መቅረት ያስፈራል፤ ረሆቦት ባልበላችው ዕዳ ስትቀጣ ዝም ማለቷ ግን ከዚያ በላይ አሳፈራት። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ክሩን የበጠስኩት። በፕላስተር ቀጠልኩት።»

ጋሽ ጃርሶ ክዳኑን ከፍተው ፕላስተሩን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው።

«ዱጋ? እውነትሽን ነው? አንቺስ ደህና ነሽ። እኔ መጀመሪያ የቀጠልኩት በጫማ ሙጫ ነው፤ ጣቴ አብሮ ተጣብቆ ነበር።» መቀስ ሰጧት። «ቀጥ አድርገሽ ከቆረጥሽው መጋጠሚያው ድምፁን ይመታዋል። በሰያፍ ቁረጪው፤ ሳያስታውቅ ያልፋል። ማጣበቂያው ደግሞ ስስ ይሁን፣ በጀርባው በኩል።»

ሶሲ በሰያፍ ቆረጠች፤ ገጠመች፤ ጊታሯን አንዴ መታች። ድምፁ ተመለሰ፣ ደበዘዘ፣ ተወዛወዘ፣ ራቀ። አልተደናቀፈም። ከትናንት ጀምሮ ሰቅዞ የያዛት ነገር ለቀቃትና እፎይ አለች።

ጋሽ ጃርሶ ስልካቸውን አወጡ። «ለረሆቦት ልደውልላት። በከንቱ ነው የተቆጣኋት፤ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።»

«ትንሽ ታገሱኝ ጋሼ። መጀመሪያ እኔ ልንገራት።»

ጊታሯን አስቀምጣ ወጣች። ባጃጅ አልጠበቀችም። ምን ብላ እንደምትጀምር ገና አላወቀችም፤ ወደ ረሆቦት ቤት የሚወስደውን መንገድ ግን ይዛዋለች።