ያልተረጋገጠ ትርፍ

ለአሥራ አንደኛ ክፍል የሂሳብ አያያዝ የማስተምረው እኔ ማኅደር የተመረቅኩት በጂኦግራፊ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ድንጋጤዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የተወለድኩባት አሰላ ተመድቤ ስመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሞልቷል ተባልኩ። ርዕሰ መምህሩም አንድ ወፍራም መጽሐፍ አስታቅፎ፣ ስትገቢበት ትለምጂዋለሽ ብሎ ሸኘኝ።

ዋቅቶላን ያገኘሁት ያንን መጽሐፍ ይዤ ነው። ሳጉሬ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼው አፈጥበት ነበር። ውጭው ጭጋግ ስለሆነ የገብሱ ማሳ እንኳን አይታይም። አጠገቤ የተቀመጠው ቀጭን ወጣት መጽሐፉን በጎን እያየ ብዙ ከቆየ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ዴቢት ማለት ግራ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም አትፈልጊለት።»

«በቃ?»

«በቃ። ክሬዲት ደግሞ ቀኝ ነው። አንድ ነገር ከአንድ ቦታ ሳይወጣ ሌላ ቦታ እንደማይገባ ካወቅሽ፣ የቀረው ልምምድ ነው።»

ከመጽሐፉ ጋር ስታገል ከርሜ ያልገባኝን፣ አሰላ እስክንገባ አስረዳኝ። ስንወርድ የት እንደማስተምር ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቀ። ለካ እሱም እዚያው ትምህርት ቤት፣ ያንኑ ትምህርት ሊያስተምር አዲስ ተቀጥሮ መምጣቱ ነበር።

ክፍሎቹን ተካፈልን። ክፍለ ጊዜ ሳይኖረኝ ሲቀር ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እሱ ሲያስተምር አዳምጣለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ልማር ነው እል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው።

አንድ ቀን የድርጅቱና የባለቤቱ ሂሳብ ለየብቻ መሆኑን ሲያስረዳ፣ ጉቱ የሚባል የእህል ነጋዴ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ለቤት ፍጆታ ከመጋዘኑ ስንዴ ሲያስወስዱ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀ። ባለቤቱ ለግሉ ወሰደ ተብሎ ይመዘገባል ሲባል፣ «ቲቸር፣ አባቴን ልመዝግበው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ዋቅቶላም አብሮ ሳቀና ነገሩን በኦሮምኛ ደገመላቸው። በኦሮምኛ ይበልጥ ሳያስቅ አይቀርም፣ ሳቁ አልቆም አለ። እኔ ግን የማየው እሱን ነበር።

ከሁሉም ምዕራፍ አብልጦ የሚወደው ስለ ጥንቃቄ የሚያወራውን ነው። «የምትጠብቁትን ትርፍ ሳይረጋገጥ አትመዝግቡ፤ ኪሳራን ግን ገና ሲያሰጋ መዝግቡ» ይላቸው ነበር። ዛሬም ይህን ምዕራፍ የማስተምረው በእሱ ቃል ነው። እሱ ደግሞ የሚያስተምረውን የሚኖር ሰው ነው። ፀሐይ ወለል ባለበት ቀን ጃንጥላ ይዞ ይመጣል። የታመሙት እናቱ ተሻላቸው ወይ ብለው ሲጠይቁት «እናያለን» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ብሎ ፍቅሩን ይናገር?

አልተናገረም። ዓይኑ ግን አያርፍም ነበር። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነን። ረቡዕና ዓርብ መምህራን ክበብ ምሳ ስንበላ፣ ጥብሱን ትቶ ከእኔ ጋር ሽሮ ያዛል። ለምን ሲሉት ሽሮ እወዳለሁ ይላል። ማታ ማታ እስከ ሰፈራችን መታጠፊያ ይሸኘኝና፣ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ላይ ሲገፈፍ አብረን ቆመን እናያለን። ያኔ የሚናገር ይመስለኛል። እሱ ግን «ደህና እደሪ ማሂ» ብሎኝ ይመለሳል።

ወደድኩት። በጣም ወደድኩት። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሶፊ በሰው ፊት ሰርጉ መቼ ነው እያለች ስታፋጥጠን እሱ ብርጭቆው ላይ ያቀረቅራል፣ እኔ ፊቴ ይቀላል። የእኔ አባት አቶ ባንተአምላክ የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ናቸው፤ የእሱ አባት ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ይህን ያህል ነገር መሀላችን ተደንቅሮ መጀመሪያ መናገር ያለበት እሱ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ሰኔ ላይ ከሲሬ ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ ቤታችን መጡ። አባቴ እንደ ወጉ ተቀብለው፣ ቤተ ዘመድ ላማክር ብለው ቀጠሮ ሰጧቸው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ያለው አባት ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ እሺም እምቢም አይልም። ቀጠሮው አክብሮት ነው እንጂ መልስ አይደለም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ዋቅቶላም ያውቀዋል። እኔ የዚያኑ ምሽት እንደማልፈልግ ለአባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም በቀጠሮው ቀን ልጄ አልፈቀደችም ብለው ሰዎቹን በትህትና ሸኟቸው።

ዋቅቶላ ግን የሰማው ቀጠሮ መሰጠቱን ብቻ ነበር። ኪሳራ አሰጋው፤ መዘገበ። እኔ ለክረምት ኮርስ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ጊዜ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ጎበሳ ተዛወረ። ስደውልለት በአጭሩ ሰላም ብሎኝ ሲዘጋ፣ የእናቱ ሕመም አስጨንቆት ነው እል ነበር።

መስከረም ላይ ስመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። መታጨቴን ሰምቶ እንደሄደ የነገረችኝ ሶፊ ናት። ተናደድኩ። ስንት ማታ አብሮኝ ቆሞ አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ይደውላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልደወለም። በሴሚስተሩ እረፍት ንዴቴ በናፍቆት ተሸነፈና የጎበሳ መኪና ተሳፈርኩ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ አገኘሁት። ሲያየኝ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሻይ ቤት ወሰደኝና ገና ከመቀመጣችን አንዲት ደስ የምትል ልጅ መጣች። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሁለት እጄን ያዘችና «በጋ ነጋን ዹፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ። ዋቅቶላ ፈናን እንደምትባል ነገረኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ፈናን እኔን ሳትጠይቅ የጾም ምግብ አዘዘችልኝ። ማሂ ትጾማለች ብሎ ነግሯት ነበር።

እሷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ዋቅቶላ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ሰርግሽ ደረሰ?»

«የምን ሰርግ?»

«አባትሽ ለሲሬዎቹ ቀጠሮ ሰጡ ተብሎ...»

«ቀጠሮ መልስ ነው እንዴ ዋቅቶላ? እምቢ ብያቸው ሄደዋል።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ቃሉን እየጎተተ ነገረኝ። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ልኮ የፈናን አባት እሺ ብለዋል። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። የፈናን እናት እህል ማስፈጨት ጀምረዋል።

«ፈናን ምንም አላጠፋችም» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። አይቻታለሁ እኮ። እሷን ብታስለቅሳት እኔም ዓይንህን ማየት አልፈልግም።»

ይህን ስለው ከልቤ ነበር። ቢሆንም እንዲከራከረኝ ፈልጌ ነበር፤ አልተከራከረኝም።

እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። ረዳቱ «አሰላ፣ አሰላ» እያለ ይጣራል። ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዋቅቶላ ወደ ውስጥ ጎንበስ አለና፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ምንም ሳይፈራ ተናገረ።

«ማሂ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ።»

«ምነው ዛሬ?» አልኩት።

«ዛሬማ ምንም ትርፍ አላገኝበትም።»

በጥፊ ልመታውም ላቅፈውም አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

«እኔም እወድሃለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ በሩን ሊስብ እጁን ሲዘረጋ፣ ዋቅቶላ ቀድሞት በቀስታ ዘጋልኝ።