በሰው ፊት የሚባል ቃል

ሽማግሌው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ፣ ጭንቅላታቸው በብረት የወረቀት መጫኛ ተመትቶ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ቀሩ። ያገኘቻቸው ጸሐፊያቸው ናት። መጀመሪያ ያየ መጀመሪያ ይጠረጠራል።

«እኔ ስወጣ ደህና ነበሩ» አለ፣ ከተቀጠረ ወር ያልሞላው ምክትላቸው። «እንዲያውም ‹ኤክሰለንት› ስለሚለው ቃል የጻፍኩትን አንብበው፣ ‹ኤክሰለንት!› አሉኝ። ከኔ በኋላ የገባችው እሷ ናት።»

ጸሐፊዋ ክው አለች። ያንን የጻፈችው እሷ ነበረች! ግን ብትናገር፣ ‹ምስጋናዋ ለሌላ ተሰጠባት፤ በቂም ገደለቻቸው› ሊሏት ነው። ብትታሰር ልጇን ማን ያሳድግላታል?

መርማሪዋ ችኩል ሴት አይደለችም። ክፍሉን አይታ ወደ አዳራሹ አለፈች። ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል።

«ማን ደረደራቸው?»

«ጋሼ ራሳቸው፣ ጠዋት» አለ ዘበኛው።

ሁሉንም እዚያው አስቀመጠቻቸው።

«ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው?» አለችው ምክትሉን።

«በጣም ጥሩ ማለት ነዋ!»

«አንቺስ፣ እህቴ?»

ጸሐፊዋ፣ «ከ‹በጣም ጥሩ›ም ያልፋል» አለች። «ከአቻዎቹ ልቆ ለወጣ ነገር ነው። ለሁሉም ከተባለ ይረክሳል።»

መርማሪዋ ወደ ዘበኛው ዞረች። «አባባ፣ ጋሼ ለብቻዎ ጠርተው አመስግነውዎት ያውቃሉ?»

«ኧረ የት ተደርጎ! ለብቻ ከጠሩን ቁጣ ነው። ምስጋና ሲሆን ወንበር ደርድረው፣ ሁላችንንም ሰብስበው ነው።»

«ሰማህ?» አለችው ምክትሉን። «ለብቻህ የሰማኸው ምስጋና አይደለም። ጽሑፉ የማን እንደሆነ አሁን ከአፏ ሰማን፤ እሳቸውም ደርሰውበት ተቆጡህ። አዲስ ነህ፣ ልማዳቸውን አታውቅም። ወንበሮቹን ስታይ የሚያዋርዱህ መስሎህ ገደልካቸው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «በሰው ሁሉ ፊት ሌባ ሊሉኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ አምልጦታል። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ያዙት።

ጸሐፊዋ ያን ሁሉ ፍርሃት ረስታ፣ «ወይኔ ጋሼን!» አለች። «አንተ ሰው፣ እሳቸው እኮ በሰው ፊት ማንንም አዋርደው አያውቁም! ለማንም አይናገሩብህም ነበር።»

ምክትሉ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጸሐፊዋ እንባዋን እየጠረገች፣ «ታዲያ ወንበሩ ለማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ዘበኛው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሽማግሌው ሰው ሲያመሰግኑ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ቦታ ሄዶ ቆመ።

«ኤክሰለንት፣ ልጄ» አላት።