የሐኪሟ ምስክርነት

ሊፍቱ ውስጥ ደላላው፣ በሥራ ስሙ ጉንዳን ከሚባለው ሰላይ አጠገብ ቆመ። ፊቱን ከበሩ ሳያዞር ስልኩን አቀበለው።

«ገጽህ ፍለጋው ላይ አንደኛ ወጥቷል። እየው።»

ጉንዳን አየ። ደላላው የሚያውቀው የጸጉር ቅባት ነጋዴ መሆኑን ነው። ቅባት የሚባል ነገር ግን የለም። ገጹን የሠራው ጉንዳንን የላከው የኢንተርኔት ፍለጋ ድርጅት ነው፤ ገጽን በሐሰት ወደ ላይ የሚያወጡ ሊንክ ሻጮችን ለማጥመድ።

«ስንት ሊንክ አስገባህልኝ?»

«አንድ! ሺህ ወሬኛ ከሚያወራልህ አንድ የታመነ ሰው ቢመሰክርልህ አይሻልም? ፍለጋውም የሚመዝንህ ማን ጠቆመህ ብሎ ነው።»

«ማን ጠቆመኝ?»

«የሕጻናት ሐኪሟ። አገር የሚያምናት።»

የጉንዳን ሚስት ናት።

ደላላው አፈጠጠበት። «ታውቃታለህ እንዴ?»

«ከየት አውቄ! እንዴት እሺ አለችህ?»

«ወዳጄ ቤቷ ገባ ወጣ ይላል። ባሏ ሁሌ መንገድ ላይ ነው አሉ፣ ምስኪን!»

በሩ ተከፈተ። ደላላው እየሳቀ ወጣ።

ጉንዳን ቤት ገባ ወጣ የሚል ወንድ አንድ ብቻ ነው፤ የሥራ ባልደረባው ሽቅርቅሩ። ሚስቱ በእሱ ቀልድ እንደምትስቀው በባሏ ቀልድ ስቃ አታውቅም። ጉንዳን ያን ሳቅ እያሰበ ስንቴ ሲገላበጥ አድሯል።

ለአለቃው ደወለ።

«ምንጩ የሐኪሟ ገጽ ነው። ከፍለጋው ጣሉት።»

«ባለቤትህ አይደለችም እንዴ? ማን እንደገባበት እናጣራ። እስከ ነገ ታገስ።»

«ቃሉን የሸጠ ምስክር ነገም ይሸጣል። አሁኑኑ!»

ለሥራው ብሎ አልነበረም። አንጀቱ አርሮ ነው።

የሐኪሟ ገጽ ከፍለጋው ወረደ።

በማግስቱ ደላላውና ሽቅርቅሩ ተያዙ። ሽቅርቅሩ ሳይመታ ለፈለፈ። «የይለፍ ቃሏን የወሰድኩት ከጉንዳን ኮምፒውተር ነው፤ ልጠግንልህ ብዬው። እሷ ምንም አታውቅም።»

እንዲያውም ያልጻፈችውን ሊንክ ገጿ ላይ አይታ ለድርጅቱ አቤት ብላ ነበር።

«መልሱላት» አለ ጉንዳን።

«ታገስ ብዬህ ነበር» አለ አለቃው። «ፍለጋው አንዴ የጣለውን ቶሎ አያነሳም።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ልጃቸው ያተኮሰባቸው እናቶች ከእንግዲህ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ እሷን አያገኟትም፤ የሚያገኙት የሐሰት መድኃኒት ሻጮችን ነው።

«ዐሥር ዓመት የለፋሁበት እኮ ነው! ማን ነው እንዲህ የቀናብኝ?»

ለእሷ እሱ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው።

«እንጃ» አለ።

ሻንጣውን አነሳ። አዲስ ከተማ፣ አዲስ ስም ይጠብቀዋል። እስከ በር ሸኘችው።

«ቶሎ ተመለስ። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ጉንዳን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ከአላፊ አግዳሚው ጋር ተቀላቀለ።