ያልደረቀው ደንገል

ሻምበል ቢያዝን ዓሣ ሊገዛ የመጣ መስሎ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«ሸምበቆ፣ ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነው። ጭጋጉ ሳይገለጥ።»

ለዘጌ ሰው ሸምሲያ ዓሣ ነጋዴ ናት። ለላኳት ለእነ ሻምበል ቢያዝን ግን «ሸምበቆ»። የምትሰልለው መሐንዲሱን ሀብተ ሥላሴን ነበር። እሱ ከአገር ሊጠፋ በባትሪ የሚሠራ አውሮፕላን ሠርቶ ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ደብቋል። ድምፅ የለውም። ጣጣው ክብደቱ ነው። «ባትሪ ስጨምር አይነሳም፤ ስቀንስ አይደርስም» ይላት ነበር። ስለዚህ ብረት ቆጥቦ፣ ውሃ ላይ የሚያቆሙትን እግሮቹን እንደ ታንኳ በደንገል ሠራቸው። ደንገል ቀላል ነው፤ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ድንጋይ ነው። ይህን አደራ የሰጠው ለእሷ ነበር፤ የዋህ!

ትናንት አላወጣችውም። ማንም አላዘዛትም። ቢነሳ ወታደሮቹ ይተኩሱበታል፤ ካልተነሳ ይታሰራል እንጂ አይሞትም ብላ ነው። አሳዝኗት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?

ሻምበሉ ግን ወታደር አላስከተለም።

የያዘው ሻንጣ ነው።

ሸምሲያን አስከትሎ ደንገሉን ገልጦ ገባና ሽጉጡን መዘዘ። «መሐንዲስ፣ አብረን ነን» አለ። ለካስ እሱም ሊከዳ ኖሯል! ሀብተ ሥላሴ አውሮፕላኑ ሁለት ሰው እንደማይችል ነገረው። ሻምበሉ ግማሹን ባትሪ አስወረደ፤ ሱዳን ጠረፍ ባይደርስ ከሐይቁ ማዶ ያለው ቁንዝላ ይበቃኛል አለ።

መሐንዲሱ አውሮፕላኑን ሊገፋ እጁን የደንገል እግሩ ላይ ጫነ። ውሃ ተንዠቀዠቀ።

ቀና ብሎ አያት።

ገባው።

እንዳላደረቀችው ብትናገር ሻምበሉ ሁለቱንም እዚያው ይደፋቸዋል። እሱም ሻምበሉ እንዳያይ እርጥብ እጁን በልብሱ ጠረገ።

«እናቴን አደራ» አላትና ሻምበሉን ተከትሎ አውሮፕላኑ ላይ ወጣ።

አውሮፕላኑ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። ክንድ ያህል ተነሳ። ጭጋጉ ዋጠው። ከዚያ ውሃው አንድ ጊዜ ጮኸ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ያን ጠዋት ጣና ሁለቱን ሲወስድ አላሳሳቀም።

ጀልባ መሳፈሪያው ላይ የመሐንዲሱ እናት እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ቆመዋል።

«ልጄን አየሽው ወይ፣ ሸምሲያ?»

«አላየሁም፣ እማሆይ።»

ለመንገድሽ ብለው ሎሚ ቅርጫቷ ውስጥ ጨመሩላት፤ መረቋት። እጃቸውን ሳመች። ጀልባው ላይ አንዲት ነጋዴ ስሟን ብትጠይቃት፣ ዘይነት እባላለሁ አለች።